የሴቷ ርስትና የሞፈሩ ባለቤት፦ የቤተሰብ ሕግ ጉዞ በቤጌምድር ደጋ

ስለ ኢትዮጵያ ቤተሰብ ታሪክ ውይይት በተነሣ ቁጥር ሁለት እርስ በርሳቸው የሚጋጩ አስተያየቶች ይሰነዘራሉ። አንደኛው፣ የሀገራችን ሴት ከጥንት ጀምሮ ከአባቷም ከእናቷም ርስት የምትወርስ፣ በፍች ጊዜም ሀብት የምትካፈል ስለ ነበረች የመብት ጥያቄ አልነበረባትም ይላል። ሁለተኛው ደግሞ ዘመናዊ ሕግ እስኪታወጅ ድረስ ሴቷ ከዕቃ የማትለይ፣ አንዳችም መብት ያልነበራት ፍጥረት ነበረች ይላል። ሁለቱም አስተያየቶች ከእውነቱ ግማሹን ይዘው ግማሹን የጣሉ ናቸው። በቃል ያለ መብትና በእጅ የተያዘ መብት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን አላጤኑም። ይህንን ልዩነት አጥርቶ ለማየት ከደብረ ታቦርና በጉና ተራራ ዙሪያ ካለው ደጋ የተሻለ ቦታ ማግኘት ያስቸግራል።

የጉና ተራራ ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍታ አለው። በዙሪያው ፋርጣ፣ እስቴ፣ ጋይንት፣ ስማዳና እብናት ይገኛሉ። በዚህ ምድር ገብስ የሚዘራ፣ ከብት የሚያረባ ገበሬ ለብዙ መቶ ዓመታት ኖሯል። የዚህ ገበሬ የቤተሰብ ሕግ መሠረቱ መሬት ነበር፤ የመሬቱም ስም ርስት ነበር።

ርስት ማለት አንድ ሰው በገንዘቡ የገዛው ማሳ ማለት ብቻ አልነበረም። መሬቱን መጀመሪያ ካቀናው አባት የተወለደ ሁሉ የሚጠይቀው የዘር ድርሻ ነበር። ዘሩም የሚቆጠረው በአባት በኩል ብቻ ሳይሆን በእናት፣ በአያትና በቅድመ አያት በኩል ጭምር ነው። ስለዚህ አንድ የፋርጣ ገበሬ በእናቱ በኩል በእስቴ፣ በአባቱ እናት በኩል በጋይንት ድርሻ አለኝ ብሎ መሟገት ይችል ነበር። ሴት ልጅም እንደ ወንድሞቿ የዘሩ ተካፋይ ነበረች። ከጋብቻ ውጭ የተወለደ ልጅ እንኳ አባቱ ልጄ ነው ብሎ እስካመነ ድረስ ከርስቱ አይገፋም ነበር። ሕዝቡ «ርስት በሺህ ዓመቱ ለባለቤቱ» ሲል የተረተው ይህንን የደም ገመድ በማሰብ ነው።

ይህ ሁሉ ከአፈ ታሪክ ብቻ የተገኘ አይደለም። በቤጌምድር አድባራትና ገዳማት በሚገኙ የብራና መጻሕፍት ኅዳግና ባዶ ገጾች ላይ የመሬት ሽያጭ፣ የስጦታ፣ የውርስና የሙግት ውሎች ከነምስክሮቻቸው ተጽፈው ይገኛሉ። የታሪክ ተመራማሪው ዶናልድ ክረሚ እነዚህን ጽሑፎች መርምሮ፣ እ.ኤ.አ. ከ1750ዎቹ እስከ 1850ዎቹ ድረስ የነበሩትን የቤጌምድር ሴቶች፣ ንብረታቸውንና ሙግታቸውን የሚመለከት ጥናት በ1982 (እ.ኤ.አ.) አሳትሟል። በውሎቹ ውስጥ ሴቶች ሻጭ፣ ገዥ፣ አውራሽ፣ ወራሽና ተሟጋች ሆነው ይታያሉ። በዚያው ዘመን በብዙው ዓለም፣ ለምሳሌ በእንግሊዝ ሀገር፣ ያገባች ሴት ንብረቷ በባሏ ሥልጣን ሥር ይውል እንደ ነበር ስናስታውስ የብራናዎቹ ምስክርነት ቀላል አይደለም።

ይሁን እንጂ ብራናው ላይ ስሟ የሰፈረው ሴት በአብዛኛው የመኳንንት ወይም የካህናት ወገን ነበረች። የጭቁኗ ገበሬ ሴት ኑሮ ሌላ ነበር። በፋርጣ ተወልዳ ስማዳ የተዳረችን አንዲት ሴት እንደ ምሳሌ እንውሰድ። በልማዱ መሠረት ወደ ባሏ አገር ሄዳለች። የርስት ድርሻዋ ግን በተወለደችበት አጥቢያ ቀርቷል፤ የሚያርሱትም ወንድሞቿ ናቸው። ድርሻዬን አምጡ ብትል ሙግት መክፈት አለባት። ሙግት ደግሞ ዋስ መጥራት፣ የዘር ሐረግ የሚቆጥር ሽማግሌ ማቆም፣ ውርርድ መግባት፣ ከአጥቢያ ዳኛ እስከ ገዥው ችሎት ድረስ ስንቅ ቋጥሮ መመላለስን ይጠይቃል። ይህንን ሁሉ አልፋ ብትረታ እንኳ በሬ ጠምዳ እንዳታርስ ልማድ ይከለክላታል። ስለዚህ መሬቷን ለአራሽ ሰጥታ ከምርቱ እኩሌታ ወይም ሲሶ መጠበቅ ይኖርባታል። በመሬቱ ላይ የተጣለውን ግብር መክፈል ካልቻለች ደግሞ ይዞታዋ ይናጋል። እንግዲህ ርስቱ የሷ ነው፤ ሞፈሩ ግን የሌላ ነው። የዚህ ደጋ የቤተሰብ ሕግ ዋና ቅራኔ ከዚህ ላይ ይገኛል።

ጋብቻውም የዚሁ ቅራኔ መልክ ነበረው። ገበሬው በአብዛኛው የሚጋባው በሰማንያ ነበር። ሰማንያ በሽማግሌዎችና በዋሶች ፊት የሚፈጸም የውል ጋብቻ ነው። የሁለቱ ወላጆች ለጎጆ መውጫ የሚሰጡት ከብትና ጥሪት በቅድሚያ ተነጋግረው የወሰኑት፣ በተቻለም መጠን የተመጣጠነ ነበር። ውሉ በሽማግሌ እንደ ታሰረ በሽማግሌ ይፈታል። ሲፈታም እያንዳንዱ ርስቱንና ይዞት የመጣውን ይወስዳል፤ አብረው ያፈሩት ለሁለት ይከፈላል። ቁርባን ግን በቤተ ክርስቲያን የሚታሰር፣ ፍች የማይፈቀድለት ጋብቻ ስለ ነበር፣ ከካህናት በቀር ብዙው ሰው ወደ ቁርባን የሚቀርበው በዕድሜ ከገፋ በኋላ ነበር። ከነዚህ ሌላ በደመወዝ የምትኖር ሴት ነበረች። እሷ ጊዜዋ ሲያበቃ ከተነገረላት ደመወዝ በስተቀር ከቤቱ ሀብት ድርሻ አልነበራትም።

ባልና ሚስት በሞት ሲለያዩ ሚስት የባሏን ርስት አትወርስም ነበር፤ ርስት የሚተላለፈው ለደም ነውና። ልጆች ካሏት ስለ እነርሱ ሆና ትይዛለች። ልጆች ከሌሏት ግን የባሏ ዘመዶች መሬቱን ይረከባሉ፣ እሷም የጋራውን ሀብት እኩሌታ ይዛ ወደ ወላጆቿ አገር ትመለሳለች። ፍች በሆነ ጊዜ ልጅ ከማን ጋር ይሁን የሚለውም በሽማግሌ ይወሰን ነበር። ሕፃኑ ጡት እስኪጥል፣ ነፍስ እስኪያውቅ ከእናቱ ጋር ይቆያል። ከብት ለመጠበቅ ሲደርስ ግን ጉልበቱን የሚፈልገው አባት ወይም አያት ይወስደዋል። የልጁ ጥቅም ምንድን ነው ብሎ የሚጠይቅ ችሎት ገና አልተቋቋመም ነበር።

ደብረ ታቦርን በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን (እ.ኤ.አ.) መጀመሪያ ላይ የቈረቈሩት የየጁው ራስ ጉግሣ ናቸው። ከተማይቱ የዘመነ መሳፍንት መናገሻ በሆነች ጊዜ የቤተሰብ ጉዳይ የመንግሥት ጉዳይ ሆኖ ታየባት። ራስ ዓሊ በ1823 ዓ.ም. ሥልጣን ሲይዙ ገና ልጅ ስለ ነበሩ እናታቸው ወይዘሮ መነን በሞግዚትነት ትልቅ ሥልጣን ያዙ። ራስ ዓሊ ደግሞ በበኩላቸው የሸፈተባቸውን የቋራውን ካሣ ለማባበል ልጃቸውን ተዋበችን ዳሩለት። ካሣ ግን አማቹን በ1845 ዓ.ም. በአይሻል ድል አደረገ። ቴዎድሮስ ተብሎ ከነገሠም በኋላ ተዋበች በ1850 ዓ.ም. እስከ ሞተችበት ቀን ድረስ ከባሏ ጎን አልተለየችም። ለአባቷ የእርቅ ዋስ እንድትሆን የተሰጠችው ልጅ፣ የአባቷን መንግሥት ላፈረሰው ሰው ታማኝ ሚስት ሆነች። ስትዳር ፈቃዷን የጠየቀ ሰው ስለ መኖሩ ታሪክ አልነገረንም።

ከዚህ የሚብሰው ምሳሌ የመጣው በ20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ነው። የአፄ ምኒልክ ልጅ ዘውዲቱ በየካቲት ወር 1909 ዓ.ም. ዘውድ ሲጭኑ ባለቤታቸው ራስ ጉግሣ ወሌ አብረው ዙፋን እንዳይጠጉ ተፈራ። ራስ ጉግሣ ከንግሥቲቱ ተለይተው ቤጌምድርን እንዲገዙ ወደ ደብረ ታቦር ተላኩ። ይህንን ፍች የፈረደው የመኳንንቱ ፍላጎት እንጂ የባልና የሚስቱ አለመስማማት አልነበረም። ራስ ጉግሣ በመጋቢት 22 ቀን 1922 ዓ.ም. በአንቺም ጦርነት ላይ ሲወድቁ፣ ንግሥቲቱም ከሁለት ቀን በኋላ ዐረፉ። በዘመኑ ከሁሉ በላይ የነበረችው ሴት እንኳ በገዛ ትዳሯ ላይ ሙሉ ሥልጣን እንዳልነበራት ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አያስፈልግም።

በ1952 ዓ.ም. የታወጀውና ከመስከረም 1 ቀን 1953 ዓ.ም. ጀምሮ የጸናው የፍትሐ ብሔር ሕግ ይህንን ሁሉ በጽሑፍ ለመተካት የተነሣ ነበር። ረቂቁን ያዘጋጁት ፈረንሳዊው የሕግ ሊቅ ረኔ ዳቪድ ሲሆኑ፣ ሕጉ 3,367 አንቀጾች አሉት። በውርስ ረገድ ወንድና ሴት ልጆችን ሳይለይ እኩል ወራሽ አደረጋቸው። ኑዛዜም በግልጽ፣ በተናዛዡ በራሱ ጽሑፍ ወይም በቃል ሊደረግ እንደሚችል ደነገገ። የትዳር ጓደኛን ግን ያለ ኑዛዜ ከሚወርሱት መካከል አላስገባም፤ በዚህ ረገድ ከጥንቱ የደም ሕግ አልራቀም። ፍች ሲሆንም ልጅ በቂ ምክንያት ካልተገኘ በቀር እስከ 5 ዓመቱ ከእናቱ ጋር እንዲቆይ አዘዘ።

ይሁንና ይኸው ሕግ ባልን የቤተሰብ የበላይ፣ የጋራ ሀብትም አስተዳዳሪ አደረገው። የሴት ልጅ የጋብቻ ዕድሜ 15 ዓመት እንዲሆን ሲወስን ለወንዱ ግን 18 አለ። ፍችን የሚዳኙት የቤተ ዘመድ ዳኞች ሲሆኑ፣ ጥፋተኛ የተባለው ወገን ከሀብቱ ድርሻ ሊቀነስበት ይችል ነበር። የስማዳዋ ሴት በዚህ ሕግ ምን አገኘች? ከወንድሞቿ እኩል ወራሽ መሆኗ በጽሑፍ ጸናላት። ግን ያው ወንድሟ መሬቱን እያረሰ፣ ፍርድ ቤቱም ከሷ መንደር ብዙ ቀን የሚያስኬድ ሆኖ ቆየ። በጎጃምም ሆነ በቤጌምድር ገጠር ሽማግሌው በሚያውቀው ልማድ መፍረዱን አልተወም።

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የታወጀው የገጠር መሬት አዋጅ ደግሞ ሥሩን ነቀለው። በደቡቡ የሀገራችን ክፍል ጭሰኛውን ከባለ መሬቱ ነፃ ያወጣው ይህ አዋጅ፣ በቤጌምድር ግን የሻረው የገበሬውን የራሱን የዘር ይገባኛል ነበር። መሬት ለማረስ ፈቃደኛ ለሆነ ሁሉ ጾታ ሳይለይ እንዲሰጥ ደነገገ። መሸጥና ማውረስን ከለከለ፤ ባለ ይዞታው ሲሞት ግን ሚስቱና ለአካለ መጠን ያልደረሱ ልጆቹ እንዲጠቀሙበት ፈቀደ። ለዘመናት የባሏን ርስት መንካት የማትችለው ባልቴት ለመጀመሪያ ጊዜ በመሬቱ ላይ መቆየት ቻለች። ይህ ታላቅ ለውጥ ነበር። ሆኖም በገበሬ ማኅበሩ መዝገብ ላይ በተለምዶ የሚሰፍረው የቤቱ አባወራ ስም ነበር። ሴቷ በተፋታች ጊዜ ወደ ወላጆቿ መንደር ብትመለስ የምትጠይቀው ርስት የለም፤ በባሏ መንደር ብትቀር ደግሞ ስሟ በመዝገቡ የለም። ርስቱ ሲሻር ለሙግት የምትይዘው የደም ገመድም አብሮ ተበጠሰባት። አዋጁ ጾታ አልለየም፤ መዝገቡ ግን ለየ።

በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት ወንድና ሴት በጋብቻ አፈጻጸም፣ በጋብቻ ዘመንና በፍች ጊዜ እኩል መብት እንዳላቸው ደነገገ። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የፌዴራል የቤተሰብ ሕግና በ1995 ዓ.ም. የወጣው የአማራ ክልል የቤተሰብ ሕግ የባልን የበላይነት አስቀሩ፤ የጋብቻ ዕድሜም ለሁለቱም ጾታ 18 ሆነ። የፌዴራሉ ሕግ የፍችን ውሳኔ ለፍርድ ቤት ሰጠ። ልጁ ከማን ጋር ይኑር ለሚለው ጥያቄም የ5 ዓመቱን መስፈርት ትቶ፣ የወላጆቹን ገቢ፣ ጤንነትና አኗኗር፣ ከሁሉም ይልቅ የልጁን ዕድሜና ጥቅም እንዲመረምር ዳኛውን አዘዘ። ቀለብም የወላጅ ችሮታ ሳይሆን ግዴታ ነው።

ለገበሬዋ ግን ከነዚህ ሁሉ ድንጋጌዎች የቀረበው ለውጥ የመጣው በአንድ ደብተር ነው። በ1990ዎቹ ዓ.ም. አጋማሽ በአማራ ክልል የይዞታ ማረጋገጫ ደብተር መሰጠት ሲጀምር የባልና የሚስት ስም አብሮ ሰፈረበት። በብራና ኅዳግ ላይ ከወይዛዝርት በቀር እምብዛም ያልታየው የሴት ስም፣ አሁን በጉና ሥር በሚገኝ ጎጆ ሣጥን ውስጥ ተቀመጠ። ፍች በመጣ ጊዜ ይህ ወረቀት ከብዙ ምስክር ይበልጣል።

ታዲያ ቅራኔው ተፈታ ማለት ነው? አልተፈታም። መሬቱ በየትውልዱ እየጠበበ ስለ ሄደ፣ ለሁለት የተከፈለ ማሳ ሁለቱንም ቤት አይቀልብም። ደብተር ያላት ሴት ዛሬም መሬቷን ለአራሽ የምትሰጥበት ጊዜ ብዙ ነው። ወንድሟን መክሰስ ዛሬም እንደ ነውር ይቆጠርባታል። ቀለብ የተፈረደላት እናት ውሳኔውን ለማስፈጸም ልጅ አዝላ ትመላለሳለች። ሕጉ በሩን ከፍቷል፤ ከበሩ እስከ ማሳው ያለውን መንገድ ግን ሕግ ብቻውን አያስኬድም።

ከዚህ ላይ የመምህሩ፣ የካድሬውና የኪነ ጥበብ ሰው ድርሻ ይመጣል። መምህሩ ልጆችን የዘር ሐረግ ሲያስቆጥር የእናትን ወገን እኩል ያስቆጥር። በገጠር የሚሠራ ካድሬ፣ አዋጅ አንብቦ ከመመለሱ በፊት መዝገቡ ላይ የማን ስም እንደ ሰፈረ ይመልከት። ተውኔት ጸሐፊውም ወይዘሮ መነንንና ንግሥት ዘውዲቱን ወደ መድረክ ማውጣቱ መልካም ነው። ግን ስንቋን ቋጥራ፣ የአያቶቿን ስም በቃሏ ይዛ፣ ከስማዳ ወደ ደብረ ታቦር ችሎት በእግሯ ስትወጣ የኖረችው ሴት ገና መድረኩን በሚገባ አላገኘችም። የዚህ ደጋ የቤተሰብ ሕግ ታሪክ የተጻፈው ከአዋጁ ይልቅ በእሷ እግር ነው።