የአምባሰል ማር

የአምባሰል ስም ከየት መጣ ብሎ ወሎ ላይ የጠየቀ ሰው ብዙውን ጊዜ የሚያገኘው መልስ «የማር አምባ» የሚል ነው። አምባ ዙሪያው ገደል፣ አናቱ ሜዳ የሆነ ተራራ ነው፤ «አሰል» ደግሞ በዐረብኛ ማር። ሁለቱ ቋንቋዎች በአንድ ስም መገናኘታቸው ወሎን ለሚያውቅ አያስገርምም፤ በአንድ ቤተሰብ ውስጥ የክርስቲያንና የሙስሊም ስም አብሮ የሚጠራበት አገር ነውና። በግሸን ማርያም ዙሪያ የሚነገረው ትውፊት ስሙን የሚሰጠው ለዚያችው ለግሸን አምባ ነው፤ በገደሏ ላይ ንብ ሰፍሮባት ነበር ይላል።

ትውፊቱ ልቤ ውስጥ የሚገባው አለቱን ሳስብ ነው። ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ከምድር ስንጥቅ እየገነፈለ የወጣ ቅልጥ አለት አገሩን አለበሰው፤ አንዱ ሲቀዘቅዝ ሌላው እየደረበበት ወፍራም የባዛልት ንብርብር ሆነ። ባዛልት ሲቀዘቅዝ ይኮማተርና ከላይ ወደ ታች ይሰነጠቃል። በንብርብሮቹ መካከል ያለውን ልል አፈር ጎርፍ ሲቦረቡረው፣ መቆሚያ ያጣው አለት በስንጥቁ ተገምሶ ይናዳል። በዚህ የተነሣ ገደሉ ዘመን ቢቆጥርም ተዳፋት አይሆንም፤ ቀጥ እንዳለ ይኖራል። የሰው እጅ የማይደርስበት ስንጥቅና ዋሻ ለንብ ግን ምቹ ቤት ነው። በምዕራብ በኩል የወረደው ዝናብ በበሽሎ አድርጎ ዓባይ ይገባል፣ በምሥራቅ የወረደው በሚሌ በኩል አዋሽን ይቀላቀላል፤ ተራራውን ከሁለቱም ጎን የሚቀርጹት እነዚህ ወንዞች ናቸው።

ያው ገደል ነገሥታትንም አገልግሏል። ዙፋን ይሻማሉ ተብለው የተፈሩ የንጉሥ ልጆች ግሸን ላይ እየተጋዙ፣ ብዙዎቹ ዕድሜያቸውን እዚያው ጨርሰዋል። ስንት ልጅነት እዚያ አናት ላይ እንደ ባከነ ሳስበው ያመኛል። በ1532 ዓ.ም. ገደማ የአህመድ ግራኝ ሠራዊት አምባዋን ያዘ። የዚህች የመሳፍንት ግዞት አምባ ወሬ በፖርቱጋላዊው ቄስ በአልቫሬዝ መጽሐፍ አውሮፓ ደርሶ፣ እንግሊዛዊው ባለቅኔ ሚልተን በ1667 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ቅኔው «የአማራ ተራራ» ብሎ ጠቅሶታል። ለምእመናን ግን ግሸን ከሁሉ በላይ ግማደ መስቀሉ ያረፈባት ቦታ ናት። አፄ ዘርዓ ያዕቆብ መስቀሉን በመስቀለኛ ስፍራ እንዲያኖሩ ታዘው ይህችን መስቀል መሳይ አምባ አገኙ ይባላል፤ መስከረም 21 በየዓመቱ ምእመናን ዳገቱን የሚወጡት ለዚህ ነው።

አምባሰል የሚለው ስም ግን አንድ ተራራ ላይ አልቀረም። ጃንጥራር የሚባሉት ገዥዎች ያስተዳድሩት የነበረው አገር ስም ሆነ፤ የእቴጌ መነን አባት ጃንጥራር አስፋው ከእነዚሁ ናቸው። ከዚያም ወደ ዜማ ተሻገረ። ከትዝታ፣ ከባቲና ከአንቺ ሆዬ ጋር የሚቆጠረው ቅኝት አምባሰል ይባላል፤ ማሪቱ ለገሠ ስታዜመው የሰማ፣ ተራራውን በዓይኑ ባያየውም ስሙን ያውቀዋል።