ሉቻኖ ቫሳሎ፦ ዋንጫውን የተቀበለው አምበል

ኢትዮጵያ የአፍሪካን ዋንጫ ያገኘችው አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ እ.አ.አ. ጥር 21 ቀን 1962፣ በአገር ቤት አቆጣጠር ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም.። ዋንጫውን ከንጉሡ እጅ የተቀበለው የቡድኑ አምበል ሉቻኖ ቫሳሎ ይባላል። እዚህ ነታንያ ስለ ኳስ ሲወራ፣ ትልልቆቹ አባቶች «ያ ጣልያኑ ተጫዋች ማን ነበር?» እያሉ ይጠይቁኛል። ሰውየው ጣልያን ተብሎ ብቻ የሚታለፍ አይደለም፤ ስለዚህ ታሪኩን እንደ ድሮው አስተማሪነቴ ከመጀመሪያው ልንገራችሁ።

ሉቻኖ የተወለደው እ.አ.አ. በ1935 አሥመራ ነው። እናቱ ኤርትራዊት፣ አባቱ ጣልያናዊ ወታደር ነበሩ። ዓመቱን ልብ በሉት፤ ሙሶሎኒ ኢትዮጵያን የወረረበት ዓመት ነው። በ1937 የፋሽስቱ መንግሥት ጣልያናዊ ወንድ ከአገሬው ሴት ጋር እንዳይኖር በሕግ ከለከለ፤ በ1940 ደግሞ ጣልያናዊ አባት ክልስ ልጁን በስሙ እንዳያስመዘግብ የሚያግድ ሌላ ሕግ ወጣ። እንዲህ ባለ ዘመን የተወለደ ልጅ በጣልያን ዘንድ ሐበሻ፣ በሐበሻ ዘንድ ጣልያን ነበር። በሁለቱም ወገን የሚሰደብበት ቃል አልጠፋም፤ ቃሉን ታውቁታላችሁ፣ እዚህ አልጽፈውም። ሉቻኖን ያሳደገችው እናቱ ናት።

ኳስ የጀመረው አሥመራ ነው። ኋላ ወደ ድሬዳዋ ወርዶ ለጥጥ ፋብሪካው ቡድን፣ ለኮተን ተጫወተ። ያን ጊዜ ትልልቆቹ ቡድኖች ብዙዎቹ የፋብሪካ፣ የመሥሪያ ቤት ወይም የጦር ሠራዊት ነበሩ። ኮተንም በ1960ዎቹ መጀመሪያ የኢትዮጵያ ሻምፒዮና ዋንጫን ደጋግሞ ወስዷል። ሉቻኖ አማካይ ሆኖ ሳለ እንደ አጥቂ ጎል የሚያገባ ሰው ነበር። ለብሔራዊ ቡድኑ 104 ጊዜ ተሰልፎ 99 ጎል አገባ ተብሎ በብዙ ቦታ ይጻፋል። እኔ ቁጥሩ የበዛ ይመስለኛል፤ ቢቀነስም ግን ታላቅነቱ አይቀንስም።

እዚህ አገር ላለን ሰዎች የምትጥም አንዲት ነገር ላስገባ። ለ1962ቱ የዓለም ዋንጫ ማጣሪያ ኢትዮጵያ የደረሳት እስራኤል ነበረች። ሁለቱም ጨዋታዎች በመጋቢት 1961 እዚሁ እስራኤል ተደረጉ፤ እስራኤል 1 ለ 0 እና 3 ለ 2 አሸነፈች። ቀጥሎ የሚጠብቃት ማን ነበር? ጣልያን! ኢትዮጵያ አልፋ ቢሆን ኖሮ የአሥመራው ልጅ ከአባቱ አገር ጋር በተገናኘ ነበር። ዕጣው ለእስራኤል ሆነና በጣልያን 4 ለ 2 እና 6 ለ 0 ተሸነፈች።

ዓመት ሳይሞላ የአፍሪካ ዋንጫ አዲስ አበባ ላይ ተዘጋጀ። የተሳተፉት አራት አገሮች ብቻ ናቸው፤ ኢትዮጵያ፣ ግብጽ፣ ቱኒዚያና ኡጋንዳ። ግብጽ ያን ጊዜ የተባበረችው ዓረብ ሪፐብሊክ ትባል ነበር። የቡድናችን አሠልጣኝ ይድነቃቸው ተሰማ ነበሩ፤ ራሳቸው የቅዱስ ጊዮርጊስ ተጫዋች የነበሩ፣ ኋላም የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን ፕሬዚዳንት የሆኑ ሰው። በመጀመሪያው ጨዋታ ቱኒዚያ 2 ለ 0 ስትመራ ቆይታ በመጨረሻ 4 ለ 2 ተረታች። የፍጻሜው ጨዋታ የጥምቀት ማግስት ሰሞን፣ እሑድ ቀን ዋለ።

ግብጽ ሁለት ጊዜ መራች፤ ሁለቱንም ያገባው በደዊ ነው። የመጀመሪያውን ግርማ ተክሌ በ74ኛው ደቂቃ አቻ አደረገ፤ ደስታው ሳይበርድ በ75ኛው ደቂቃ ግብጾች እንደገና አገቡ። ስታዲየሙ ምን ያህል ጸጥ እንዳለ መገመት አያቅትም። ሊያልቅ ስድስት ደቂቃ ሲቀረው ሉቻኖ አገባና 2 ለ 2 ሆነ። በጭማሪው ሰዓት ታናሽ ወንድሙ ኢታሎ ሦስተኛውን፣ መንግሥቱ ወርቁ አራተኛውን ጨመሩ፤ 4 ለ 2!

እንደሚነገረው ከሆነ ፌዴሬሽኑ ውስጥ አንዳንዶች ሉቻኖ ስሙን ወደ ኢትዮጵያዊ ስም እንዲለውጥ ፈልገው ነበር፤ እሱ እምቢ አለ። ክልስ ሰው ከጃንሆይ እጅ ዋንጫ መቀበሉም ያልጣማቸው ነበሩ። ይድነቃቸው ግን አምበሉ እሱ ነው፣ የሚቀበለውም እሱ ነው ብለው ጸኑ ይባላል። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዋንጫውን ለሉቻኖ ሰጡ።

ከዚያ በኋላ ኢትዮጵያ በ1968 ዋንጫውን እንደገና አዘጋጅታ አራተኛ ወጣች። ሉቻኖ በጣልያን ኮቨርቻኖ በሚገኘው የአሠልጣኞች ትምህርት ቤት ተምሮ ብሔራዊ ቡድኑን እስከ ማሠልጠን ደረሰ። በደርግ ዘመን ግን ኑሮው ስለከፋበት በጅቡቲ በኩል ሸሽቶ ጣልያን ገባ። ሮም አጠገብ ኦስቲያ በምትባል የባሕር ዳርቻ ከተማ መኪና እየጠገነ፣ ልጆችን ኳስ እያስተማረ ኖረ። የሕይወት ታሪኩን በጣልያንኛ ጽፏል፤ የመጽሐፉ ስም በአማርኛ «እማዬ፣ ገንዘቡ ይኸውልሽ» ማለት ነው። የአባቱ ስም የሌለበት ርዕስ መሆኑን ልብ ይሏል። በመስከረም 2022፣ በ87 ዓመቱ አረፈ።

ያን እሑድ አዲስ አበባ ስታዲየም የነበራችሁ፣ ወይም ወሬውን በየቀበሌያችሁ የሰማችሁ እናቶችና አባቶች ካላችሁ፣ ወደ ጣቢያችን ብቅ ብላችሁ አጫውቱን፤ ድምፃችሁን እንቀዳለን።