የትኛው ሻዕባን?

የታሪክ ጸሐፊዎች ስለ ሁለተኛው ኸሊፋ ስለ ዑመር ኢብኑል ኸጧብ (ረ.ዐ.) የሚያወሱት አንድ ነገር አለ። ክፍያው በሻዕባን ወር የሚፈጸም የዕዳ ሰነድ ቀረበላቸው። እርሳቸውም የትኛው ሻዕባን እንደሆነ ጠየቁ፤ ያለፈው ነው፣ ያለንበት ነው ወይስ የሚመጣው? ወሩ ተጽፏል፤ ዓመቱ ግን የለም። ስለዚህ ሶሓባዎችን አማክረው የዘመን መቁጠሪያችን ከነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ሒጅራ እንዲጀምር ወሰኑ። ይህም በ17ኛው የሒጅራ ዓመት ገደማ ነበር።

ይኸው ጥያቄ ከብዙ ምዕተ ዓመታት በኋላ የኮምፒዩተር ባለሙያዎችን ገጠማቸው። ቦታ ለመቆጠብ ሲሉ ዓመትን በሁለት አሃዝ ብቻ ይጽፉ ስለነበር፣ «00» ማለት 1900 ይሁን 2000 መሣሪያው ሊለይ አልቻለም። እ.ኤ.አ. 2000 ከመግባቱ በፊት ይህን ለማረም ብዙ ገንዘብና ድካም ፈሰሰ።

ሌላው ዕዳ ገና ተከፍሎ አላለቀም። እ.ኤ.አ. በ1969 በአሜሪካ ቤል ላብራቶሪ መሠራት የጀመረው ዩኒክስ የተባለው ሥርዓት፣ ጊዜን የሚያውቀው ከጃንዋሪ 1 ቀን 1970 ወዲህ ያለፉትን ሰከንዶች በመቁጠር ነው። ለቁጥሩ የተሰጠው ስፍራ 32 ቢት ስለነበር ከ2,147,483,647 በላይ አይዝም። ይህም የሚሞላው እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 19 ቀን 2038፣ በእኛ አቆጣጠር ጥር 11 ቀን 2030 ከንጋቱ 12 ሰዓት ከ14 ደቂቃ ከ7 ሰከንድ ላይ ነው። ያልታረመ መሣሪያ በቀጣዩ ሰከንድ ወደ ዲሴምበር 1901 ይመለሳል። የ30 ዓመት ብድር የሚያሰላ ሰው ግን ችግሩን ከወዲሁ ያገኘዋል።

መፍትሔው ስፍራውን ወደ 64 ቢት ማስፋት ነው፤ ብዙዎቹ ዘመናዊ ሥርዓቶችም ይህን አድርገዋል። አዲሱ ቁጥር እስከ 292 ቢሊዮን ዓመት ይዘልቃል። ይህም ሳይንቲስቶች ለዓለማት ከሚገምቱት የ13.8 ቢሊዮን ዓመት ዕድሜ ከሃያ እጥፍ ይበልጣል።

አንባቢ ሆይ! ቀኑን መጻፍ ቀኑን መድረስ አይደለም። መሣሪያው ለዚያ ዕለት ቁጥር አለው፤ ዕለቱ ይኑር አይኑር ግን አያውቅም። የሰዓቲቱ ዕውቀት አላህ ዘንድ ብቻ ነው። ይህ ግን ለቸልተኝነት ምክንያት አይሆንም። ሁለት አሃዝ የጻፉት ሰዎች ሥራቸው ያን ያህል ዘመን ይቆያል ብለው አላሰቡም፤ ሸክሙም በተከታዮቻቸው ላይ ወደቀ። የእኛ አጀል አጭር ናት፤ አማናችን ግን ከእኛ በኋላ ይቆያል። ቁርአን ዕዳን ከነጊዜው እንድንጽፍ ያዘዘን በከንቱ አይደለም። እስኪ ቤትህ ያለውን የብድር ወረቀትና ወሲያህን አውጥተህ ተመልከት፤ ልጆችህ «የትኛው ሻዕባን?» ብለው ይጨቃጨቁበት ይሆን?

አላህ አማናችንን የምንወጣ ያድርገን። አሚን።