ከካንዴላ ጥቀርሻ እስከ ኮድ ቁጥር

መርካቶ ሶማሌ ተራ ገብቶ የመኪና ዕቃ የሚጠይቅ ሰው ሳያውቀው ታሪክ ይናገራል። ካንዴላ፣ ፍሪሲዮን፣ ሞተሪኖ፣ ኮፋኖ፣ ማርሚታ፣ ስፖኪዮ ሲል የሚናገረው ጣልያንኛ ነው። ሰንሰር፣ ኮምፒውተር፣ ስካነር፣ ኮድ ሲል ደግሞ እንግሊዝኛ። የመጀመሪያዎቹ ቃላት የገቡት በእጅ ከሚዳሰስ፣ ተፈትቶ ከሚታጠብ፣ ዘይት ከነካው ብረት ጋር ነው። የኋለኞቹ ዓይን የማያየውን ነገር ይዘው መጡ። በሁለቱ መዝገበ ቃላት መካከል የተዘረጋው ዘመን ታማ የቆመችን መኪና የመመርመር ሙያ የተለወጠበት ዘመን ነው።

መኪና አዲስ አበባን የረገጠው በ1900 ዓ.ም. ነው። እንግሊዛዊው ቤድ ቤንትሌይ ሲድሊ የተባለችውን መኪና ይዞ ቀድሞ ገባ፤ ጀርመናዊው አርኖልድ ሆልትዝ ብዙ ሳይቆይ ተከተለው። የከተማዋ ትልቁ ገበያ ያን ጊዜ አራዳ፣ ከጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ ነበር። መርካቶ ገና አልተወለደም። ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በቆየው ወረራ ጣልያኖች አበሻውን ከፈረንጁ ለመለየት ገበያውን ወደ ምዕራብ፣ ወደ ዛሬው አዲስ ከተማ ገፉትና «መርካቶ ኢንዲጄኖ»፣ የአገሬው ሰው ገበያ አሉት። ስሙ ከነክፋቱ ሄደ፤ «መርካቶ» ብቻ ቀረ።

በዚያው ወረራ መንገድ ተቆርጦ የጭነት መኪና በገፍ ገባ። ትሬንታ ኳትሮ የምትባለው ፊያት 634 ከዚያ ዘመን የተረፈች ስም ናት። ጣልያን ሲወጣ መኪናውም፣ የመኪናው ቃላትም እዚሁ ቀሩ፤ በጣልያን ጋራዥ ናፍጣ ይዘው ብረት ሲያጥቡ የነበሩ የአገሬው ረዳቶችም እንዲሁ። በ1934 ዓ.ም. የተከፈተው የተግባረ ዕድ ትምህርት ቤት ሙያውን በክፍል ውስጥ ማስተማር ጀመረ። ብዙው መካኒክ ግን የተማረው ከመኪና ሥር ተኝቶ፣ ለጋሼ መፍቻ እያቀበለ ነው።

የዚያን ዘመን ምርመራ በጆሮ፣ በአፍንጫና በዓይን ነበር። መካኒኩ ረጅም ካቻቢቴ ያነሣል፤ ጫፉን ከሞተሩ አካል ላይ ያሳርፍና እጀታውን ከጆሮው ያስጠጋል። የትኛው ኩሽኔታ እንደሚያጉረመርም በብረቱ በኩል ይሰማዋል። ከዚያ የካንዴላ ገመድ አንድ በአንድ ይነቅላል። ገመዱ ሲነቀል ሞተሩ ከተንገዳገደ ያ ሲሊንደር ጤነኛ ነበር ማለት ነው፤ ምንም ለውጥ ካላመጣ በሽተኛው ተገኘ። ጭስም ይነበባል፤ ጥቁር ቤንዚን መብዛቱን፣ ሰማያዊ ዘይት መቃጠሉን፣ የማያባራ ነጭ ውኃ መግባቱን ይናገራል።

ከሁሉ በላይ ግን ካንዴላ ይነበብ ነበር። ጫፉ ቡናማ ከሆነ የአየርና የቤንዚን ድብልቁ ልክ ነው። ጥቀርሻ ከለበሰ ቤንዚን በዝቷል፤ ከነጣ አየር በዝቷል። ይህ ንባብ ለአዲስ አበባ መካኒክ ልዩ ትርጉም ነበረው። ከተማዋ ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ስለተቀመጠች አየሯ ስስ ነው፤ ግፊቱ ባሕር ጠረፍ ካለው ሦስት አራተኛ ብቻ ነው። ለጠረፍ ተለክታ የተሠራች ሴይቼንቶ ወይም ቮልስ እዚህ ስትመጣ ካርቡራተሯ የለመደውን ያህል ቤንዚን ይሰጣል፤ አየሩ ግን አይበቃም። ካንዴላው ይጠቁራል፤ አቀበት ላይ ትደክማለች። መካኒኩ የባሮሜትር ትምህርት ባይማርም ከካንዴላው ጥቀርሻ የከፍታውን ሕግ አንብቦ የቤንዚኑን መተላለፊያ ያጠብብ ነበር። ይህን ማንበብ ከማንኛውም የላቦራቶሪ ሥራ የማያንስ ዕውቀት ነው፤ ሊከበርም ይገባዋል።

መርካቶ ለዚህ ሙያ ዕቃ አቅራቢ ሆነ። ምናለሽ ተራ አሮጌ ጎማ ጫማ፣ ያገለገለ ቆርቆሮ ምድጃ እንደሚሆን ሁሉ፣ ሶማሌ ተራም የሞተች መኪና አካል ለሌላዋ ሕይወት ይሰጣል። ስሙ ከተሰረቀ ስፖኪዮ ጋር መነሣቱ እውነት ነው። ያለዚያ ገበያ ግን የከተማዋ ታክሲ ግማሹ በቆመ ነበር።

ኢትዮጵያ በ1956 ዓ.ም. የመንገዱን ግራ ትታ በቀኝ መንዳት ስትጀምር አንድ ሳይታሰብ የመጣ ውጤት ተከተለ። ለአገሩ የሚስማማው መሪው በግራ የሆነ መኪና ሆነ፤ ስለዚህ ያገለገለ ቶዮታ በብዛት የመጣው ከራሷ ከጃፓን ጎዳና ሳይሆን ከባሕረ ሰላጤው አገሮችና ከአውሮፓ ነው። ነገሩ ትንሽ ይመስላል፤ ኋላ ኮምፒውተር ሲመጣ ግን ዋጋ አስከፍሏል።

ኮምፒውተሩ በዓለም ላይ የመጣው ቀስ ብሎ ነው። የጀርመኑ ቦሽ በኤሌክትሮኒክስ የሚታዘዝ የቤንዚን መርጫ በ1967 እ.ኤ.አ. ለቮልስዋገን አቀረበ። የካሊፎርኒያ መንግሥት ደግሞ የከተሞቹ አየር በጭስ ሲታፈን መኪኖች የራሳቸውን ጉድለት እንዲመዘግቡ ከ1988 ሞዴል ጀምሮ አስገደደ። በዚያ ዘመን ግን እያንዳንዱ ፋብሪካ የራሱ ቋንቋ ነበረው።

የዚያን ዘመን ቶዮታ ቋንቋ ለመስማት ማሽን አያስፈልግም፤ ቁራጭ ሽቦ ይበቃል። ኮፋኖው ሥር ካለችው ትንሽ ሳጥን ውስጥ ቲኢ1 እና ኢ1 የሚባሉት ቀዳዳዎች በሽቦ ይገናኛሉ፤ ቁልፉ ይከፈታል፤ ዳሽቦርዱ ላይ የሞተር ምልክት ያለባት መብራት ብልጭ ድርግም ማለት ትጀምራለች። ሁለት ጊዜ ብልጭ፣ ፋታ፣ እንደገና ሁለት ጊዜ ከሆነ ቁጥሩ 22 ነው፦ የውኃ ሙቀት ሰንሰር። አራት፣ ፋታ፣ አንድ ከሆነ 41፦ የነዳጅ መስጫውን መከፈት የሚለካው ሰንሰር።

የሙያው ፈተና የጀመረው እዚህ ላይ ነው። 22 ማለት «ሰንሰሩ ተበላሽቷል» ማለት አይደለም። ኮምፒውተሩ የሚያውቀው ከዚያ መስመር የማይታመን መልእክት መምጣቱን ብቻ ነው። ሰንሰሩ ሊሆን ይችላል፤ የተበጠሰ ሽቦ ወይም የዛገ ማያያዣም ሊሆን ይችላል። ቴስተር የተባለው የኤሌክትሪክ መለኪያ ያለው ሰው ሰንሰሩን ነቅሎ ይለካዋል፦ 20 ዲግሪ ላይ ከ2 እስከ 3 ኪሎ ኦም፣ 80 ዲግሪ ላይ 0.3 ኪሎ ኦም ገደማ ከሰጠ ጤነኛ ነው፤ ፍለጋው ወደ ሽቦው ይዞራል። ቴስተር የሌለው ሶማሌ ተራ ሄዶ ሌላ ሰንሰር ይገዛል። ካልዳነ ሌላ ይገዛል። ቀይሮ መሞከር የሚባለው ልማድ የተስፋፋው ገበያው ቅርብ፣ መለኪያው ሩቅ ስለነበረ ነው።

ኦክስጅን ሰንሰር ደግሞ ሌላ ጠላት ነበረው፦ እርሳስ ያለበት ቤንዚን። እርሳስ ይህን ሰንሰርና የጭስ ማጣሪያውን ይመርዛል። ከሰሐራ በታች ያሉ የአፍሪካ አገሮች በ2001 እ.ኤ.አ. ዳካር ላይ ተስማምተው በ2005 እ.ኤ.አ. መጨረሻ እርሳሱን ከቤንዚን አወጡ። ከዚያ በፊት በነበረው ነዳጅ ምክንያት ለባሕረ ሰላጤው ገበያ የተሠራ አንዳንድ ቶዮታ ከመጀመሪያውም ኦክስጅን ሰንሰር አልተገጠመለትም፤ ለአውሮፓ የተሠራው መንትያው ግን አለው። የመሪው ጉዳይ ዋጋ ያስከፈለው በዚህ ነው። ቶዮታ የሞተር ኮምፒውተሩን 89661 ብሎ በሚጀምር ቁጥር ይለየዋል፤ ቀጥለው የሚመጡት አሃዞች ግን በአገር፣ በሞተርና በማርሽ ዓይነት ይለያያሉ። ሣጥኑ አንድ፣ መሰኪያው አንድ፣ አንጎሉ ሌላ። ጠንቃቃ ገዢ ነጋዴውን ከማነጋገሩ በፊት ከጀርባው የተለጠፈውን ቁጥር እስከ መጨረሻው አሃዝ ያነባል። ቁልፉ ውስጥ ቺፕ ያለበት መኪና ከሆነ ደግሞ ቁጥሩ ቢገጥምም ቁልፉ ካልተመዘገበ አይነሣም።

ከ1996 ሞዴል ጀምሮ አሜሪካ ለሁሉም ፋብሪካ አንድ ቋንቋ አዘዘች፤ አውሮፓም በ2001 እ.ኤ.አ. ለቤንዚን መኪኖች ተከተለች። ከመሪው በታች 16 እግር ያለው መሰኪያ፣ በፊደልና በአራት አሃዝ የሚጻፍ ኮድ። የቻይና ስካነሮችና በብሉቱዝ ከስልክ ጋር የሚገናኙ ርካሽ መሰኪያዎች ሲመጡ ያ ቋንቋ ከትልልቅ ወኪሎች ጋራዥ ወጥቶ የመንገድ ዳር መካኒክ እጅ ገባ።

የቁጥሩ ትርጉም ግን እንደ 22 ሁሉ አሁንም ያሳስታል። ፒ0171 «ድብልቁ ቤንዚን አንሶታል» ይላል። ብዙ ጋራዥ ኦክስጅን ሰንሰር ያስገዛል፤ ሰንሰሩ ግን እውነቱን የተናገረ ምስክር ሊሆን ይችላል። ጥሩ መርማሪ ኮምፒውተሩ ቤንዚን ምን ያህል እየጨመረ እንደሆነ በስካነሩ ላይ ያያል። ጭማሪው መኪናው ቆሞ ሲሠራ ከፍ ብሎ ዙሩ ሲጨምር ከወረደ፣ የሆነ ቦታ የተሰነጠቀ ቱቦ አየር እየሳበ ነው። በጭነት ጊዜ የሚብስ ከሆነ የቤንዚን ፓምፑ፣ ፊልትሮው ወይም የአየር መለኪያው ይጠረጠራል። ይህ ካንዴላ ከማንበብ አይለይም፤ ሁለቱም የድብልቁን ሚዛን ያነባሉ። ለዚህ ነው ከቀድሞዎቹ መካኒኮች የተማረ ወጣት ስካነር ሲይዝ ከሌላው ቀድሞ የሚደርሰው፤ ማሽኑ ብቻ ያለው ግን ቁጥር ይዞ ሶማሌ ተራ ይመላለሳል።

አሁን ሌላ ምዕራፍ ተከፍቷል። በየካቲት 2012 ዓ.ም. የጸደቀው የኤክሳይዝ አዋጅ በአሮጌ መኪና ላይ ከባድ ታክስ ጣለ። በጥር 2016 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥት በነዳጅ የሚሠራ የቤት መኪና ወደ አገር እንዳይገባ መከልከሉን አስታወቀ። ቢዋይዲና ከቻይና የመጡ ቮልስዋገኖች ጎዳናውን እየሞሉት ነው። የእነዚህ መኪኖች ባትሪ መቶዎች ቮልት ይይዛል፤ ባልሠለጠነ እጅ መንካት ይገድላል። ለሁሉም ፋብሪካ የታዘዘው ያ አንድ ቋንቋም ለጭስ ቁጥጥር ተብሎ የተሠራ ስለሆነ ጭስ የሌለውን መኪና ብዙም አያናግረውም፤ እያንዳንዱ ፋብሪካ እንደገና ወደ ራሱ ቋንቋ ተመልሷል፤ የአንዳንዱ ስክሪንም የሚያወራው በቻይንኛ ነው። ካርቡራተር የፈታ እጅ ይህን እንዲማር ሥልጠናውን የቴክኒክ ኮሌጆችና አስመጪዎቹ ሊሰጡት ይገባል፤ መርካቶ ብቻውን አይችለውም።

እስከዚያው አንድ ልማድ መተው አለበት። የሞተር ምልክት ያለባት መብራት ስትበራ ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚያደርገው ባትሪ መንቀል ነው። መብራቷ ትጠፋለች። ኮዱ በተመዘገበበት ቅጽበት ኮምፒውተሩ የያዘው ፍጥነት፣ የሞተር ዙርና የውኃ ሙቀትም አብሮ ይጠፋል፤ መርማሪው የሚፈልገው ምስክርነት ያ ነበር። መኪና ያለህ፣ መኪና ያለሽ፦ ባትሪው ከመነቀሉ በፊት ኮዱ ይነበብ፣ በወረቀት ይጻፍ፤ ዕቃ ከመገዛቱም በፊት አሮጌው በቴስተር ይለካ።