በባዶ እግር የሚሮጥ ሰው መምህር ያስፈልገዋልን?

በትምህርት ቤታችን የስፖርት ውድድር በቀረበ ቁጥር በተማሪዎች መካከል አንድ የማይቀር ክርክር አለ፤ ይኸውም «በባዶ እግሩ ሮጦ ላደገ ልጅ አሯሯጥ ማስተማር ምን ይጠቅመዋል?» የሚል ነው። የሚጠሩትም ምስክር የታወቀ ነው። «አበበ ቢቂላን ማን አስተማረው? ጫማ እንኳ አልነበረውም!» ይላሉ። እኔም በታችኛው ክፍል ሳለሁ እንደዚሁ ብዬ ተከራክሬአለሁ። ዳሩ ግን ታሪኩን ቀረብ ብሎ ለመረመረው ሰው ነገሩ እንዲህ ሆኖ አይገኝም።

አበበ ቢቂላ በ1924 ዓ.ም. በሸዋ ውስጥ ጃቶ በምትባል መንደር ተወለደ፤ አድጎም የንጉሠ ነገሥቱ የክብር ዘበኛ ወታደር ሆነ። በባዶ እግሩ ዳገትና ቁልቁለት ሲወጣና ሲወርድ ያደገ መሆኑ እውነት ነው። ነገር ግን በዚያ ዘመን እንዲህ ያደገ እርሱ ብቻ አልነበረም፤ በገጠር ከሚኖረው ሕዝብ አብዛኛው ጫማ አያደርግም ነበር። ባዶ እግር ብቻውን ማራቶን የሚያሸንፍ ቢሆን ኖሮ፣ ከየመንደሩ አንድ አንድ ባለ ወርቅ ሜዳሊያ በወጣ ነበር።

አበበን ከሌሎቹ የለየው ምንድን ነው? አንደኛ፣ የራሱ ትጋት ነው። ሁለተኛ ደግሞ ኦኒ ኒስካነን የተባሉ ስዊድናዊ አሠልጣኝ ተመልክተውት በሥርዓት ስላሠለጠኑት ነው። ርቀትን ከፍጥነት ጋር እንዴት ማስማማት እንደሚገባ፣ ኃይልን ለመጨረሻው ሰዓት እንዴት ማቆየት እንደሚቻል የሚያውቀው የእግር ቆዳ አይደለም።

ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም.፣ በዘመን መለወጫ ዋዜማ፣ አበበ በሮማ ከተማ ለማራቶን ተሰለፈ። ባዶ እግሩን የሮጠውም ጫማ አጥቶ አልነበረም፤ አዲስ የተገዛለት ጫማ እግሩን ስላቆሰለው ነው። ውድድሩ ሲመሽ ወታደሮች በጥንቱ የአፒያ መንገድ ዳርና ዳር ችቦ ይዘው ያበሩ ነበር። ሞሮኳዊው ራዲ ቤን አብደሰላም ከጎኑ አልለይ አለው። አበበና አሠልጣኙ ግን መንገዱን አስቀድመው አጥንተውት ነበርና፣ ፋሺስቶች በወረራቸው ዘመን ከአክሱም ወስደው በዚያ ባቆሙት ሐውልት አጠገብ ፍጥነቱን ጨመረ። (ይህ ሐውልት በ1997 ዓ.ም. ወደ አገሩ ተመልሷል።) በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ ከ2 ዐሥረኛ፣ በዓለም ላይ ከዚያ በፊት ባልታየ ፍጥነት፣ ከቆስጠንጢኖስ ቅስት ሥር ደረሰ። ራዲም ከ25 ሰከንድ ያህል በኋላ ገባ። እንግዲህ ይህ ድል የእግር ብቻ ነው ወይስ የአእምሮም ጭምር?

ከሁሉ የበለጠው ማስረጃ ግን የቶክዮው ውድድር ነው። ጥቅምት 11 ቀን 1957 ዓ.ም. አበበ ጫማ አድርጎ ሮጠ፤ ያውም የትርፍ አንጀት ቀዶ ሕክምና ከተደረገለት አምስት ሳምንት ገደማ በኋላ ነው። በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሰከንድ ከ2 ዐሥረኛ ጨርሶ የዓለምን ክብረ ወሰን እንደገና ሰበረ። ከሮማው ጊዜ 3 ደቂቃ ከ5 ሰከንድ የሚቀንስ ነው። ምሥጢሩ በባዶ እግር ውስጥ ብቻ የነበረ ቢሆን ኖሮ ጫማው ባከሸፈው ነበር።

የሊቃውንትም ምርመራ በዚህ ጉዳይ ሁለት ወገን አለው። እ.ኤ.አ. በ2010 የሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲው ዳንኤል ሊበርማንና ባልደረቦቹ፣ በባዶ እግር መሮጥ የለመዱ ሰዎች ብዙውን ጊዜ በእግራቸው ፊተኛ ክፍል እንደሚያርፉ፣ ወፍራም ጫማ የለመዱት ግን ተረከዛቸውን እንደሚያስቀድሙ ገለጡ። ይህን የሰሙ ብዙዎች «እንግዲያውስ ባዶ እግር ራሱ መምህር ነው» አሉ። ነገር ግን እ.ኤ.አ. በ2013 የታተመ ሌላ ጥናት በሰሜን ኬንያ የሚኖሩ 38 ዳሰነቾችን መረመረ፤ ወገኖቻቸው በእኛም አገር በኦሞ ወንዝ አካባቢ ይኖራሉ። እነዚህ ሰዎች ዘወትር በባዶ እግር የሚሄዱ ሲሆኑ፣ በሚመቻቸው ፍጥነት ሲሮጡ ከመቶ 72 ያህሉ የሚያርፉት በተረከዛቸው ነበር፤ ሲፈጥኑ ግን በተረከዝ የሚያርፈው ቁጥር አነሰ። ስለዚህ ባዶ እግር ለሁሉም አንድ ዐይነት አሯሯጥ አያስተምርም።

እኔ የምደርስበት ፍርድ ይህ ነው። መሬት ታስተምራለች፤ ጠጠር የረገጠ ሰው በቀስታ ማረፍን ሳይነገረው ያውቃል። ይህን መልካም ልማድ ያለውን ልጅ አሠልጣኝ ነኝ ብሎ አረማመዱን ማበላሸት አይገባም። በጫማ ያደገውም በአንድ ቀን ጫማውን ጥሎ ረጅም መንገድ ቢሮጥ አጥንቱን ሊጎዳ ይችላልና ቀስ በቀስ ይልመድ። ነገር ግን ትከሻን አለማጠንከር፣ ክንድን አለማባከን፣ ጉልበትን መመጠን፣ ዕረፍትንም ማወቅ ከመሬት አይገኙም። ሰው የገዛ ጀርባውን ማየት አይችልምና የሚያየው ሌላ ዐይን ያስፈልገዋል። ሐዋርያው ጳውሎስም ስለ ሯጮች ለቆሮንቶስ ሰዎች ሲጽፍ ያመለከተው ስለ እግራቸው ሳይሆን ራሳቸውን ስለ መግዛታቸው ነው።

ነገሩ የስፖርት ክርክር ብቻ አይምሰላችሁ፣ ወንድሞቼና እህቶቼ። «በተፈጥሮው ነው የሮጠው» ስንል አበበን ያመሰገንን ይመስለናል፤ በእውነቱ ግን የደከመበትን ሁሉ እንነጥቀዋለን። ይህንኑ ቃል ለገጠር ልጅ ስንናገርም፣ «አንተ መምህር አያስፈልግህም» ብለን በሩን እንዘጋበታለን። ትምህርት ቤታችን የምሥረታውን በዓል በሚያከብርበት በዚህ ዓመት፣ ከዚህ ግቢ የምንወጣ ተማሪዎች ይህን እናስታውስ፤ ብዙዎቻችን የመጣነው ብርቱ እግር ይዘን ነው፤ መንገዱን ያሳዩን ግን መምህሮቻችን ናቸው።