የመረጃ ሥርዓት ለሥራ አመራር፦ የምርት ገበያ ተሞክሮ

የመረጃ ሥርዓት መረጃን ሰብስበው፣ አከማችተውና አደራጅተው ለውሳኔ ሰጪ የሚያደርሱ ሰዎች፣ አሠራሮችና መሣሪያዎች ጥምረት ነው። ኮምፒዩተር ከመሣሪያዎቹ አንዱ ብቻ ቢሆንም፣ ብዙ ጊዜ ሥርዓቱ ራሱ ተደርጎ ይወሰዳል።

በአዋጅ ቁጥር 550/1999 ተቋቁሞ በሚያዝያ 2000 ዓ.ም ግብይት የጀመረው የኢትዮጵያ ምርት ገበያ ሥራውን በመረጃ ሥርዓት ላይ ከመሠረቱ ተቋማት አንዱ ነው። ወደ መጋዘን የሚገባ ምርት ተመዝኖና ደረጃ ወጥቶለት የኤሌክትሮኒክ መጋዘን ደረሰኝ ይሰጥበታል፤ ገዥና ሻጭ የሚገበያዩትም በዚሁ ደረሰኝ ነው። የዕለቱ ዋጋ በየከተማው በተተከሉ ሰሌዳዎችና በስልክ እንዲገለጽ በመደረጉ፣ አርሶ አደሩ የማዕከላዊውን ገበያ ዋጋ ከነጋዴው አንደበት ብቻ ከመስማት የሚወጣበት ዕድል ተከፍቷል።

በ2001 ዓ.ም ቡና በምርት ገበያው መሸጥ ሲጀምር ግን ክፍተት ታየ። ሥርዓቱ ቡናውን በአካባቢና በደረጃ ይመድብ እንጂ የታጠበበትን ጣቢያና አቅራቢውን ለገዥው አያሳይም ነበር። የልዩ ጣዕም ቡና ገዥዎች ተጨማሪ ዋጋ የሚከፍሉት ደግሞ ለዚሁ ዝርዝር ነው። አንድ ጊዜ የተቀላቀለ ቡና ተመልሶ ስለማይለይ፣ ችግሩ ሪፖርት በማሻሻል የሚፈታ አልነበረም፤ መነሻው ከመጀመሪያው ያልተመዘገበው መረጃ ነበር።

በኋላ በየጆንያው ላይ በሚታሰር መለያ የቡናውን ምንጭ መከታተል የሚያስችል አሠራር ተጀምሯል። መለያውም ቢሆን ታማኝ የሚሆነው በጣቢያው ያለው ሠራተኛ በትክክል እስከመዘገበ ድረስ ነው።