የታጠነ ቅልና የቀትር ፀሐይ፦ በራያ ቆላ ወተትን ከብልሽት የመጠበቅ ታሪክ

በዞብል ተራሮችና በላስታ ደጋ ግርጌ መካከል የተዘረጋው የራያ ቆቦ ሜዳ ሞቃት ምድር ነው፤ የቆቦ ከተማ የሚገኘውም ከባሕር ወለል በላይ 1,470 ሜትር ገደማ ላይ ነው። ማሽላ እያረሰ ከብት የሚያረባው የአካባቢው ነዋሪ፣ ማለዳ የታለበ ወተት ሳይመሽ እንዳይበላሽበት የሚያደርገውን ጥበብ ያዳበረው ማቀዝቀዣ በማይታሰብበት ዘመን ነበር። በእንዲህ ያለ ሙቀት ባክቴሪያዎች፣ ማለትም በዓይን የማይታዩ ባለ አንድ ሕዋስ ፍጥረታት፣ በሰዓታት ውስጥ እጅግ ስለሚበዙ፣ የጥበቡ ዋና ነገር ወተቱን ከማከም ይልቅ የሚቀመጥበትን ዕቃ ማሰናዳት ሆነ።

ታጥቦ ፀሐይ ላይ የደረቀው የወተት ቅል፣ በሰሜን ወሎም ሆነ በብዙ የኢትዮጵያ ክፍል፣ በአብዛኛው የሚታጠነው በወይራ ነው። የተቀጣጠለ ስንጣሪ ወይም ፍም ገብቶበት አፉ ይከደናል፣ ቅሉ ይወዘወዛል፣ ጢሱ ውስጡን ካዳረሰ በኋላም ከሰሉ ተራግፎ ይወለወላል። ወይራ ይበልጥ የሚስማማው ከፍ ያለው ዳገት በመሆኑ፣ ልማዱ የቆላውን ጓዳ ከዳገቱ ደን ጋር ያስተሳስራል። ማጠን ለመዓዛ ብቻ የሚደረግ ይመስል የሚነገረው ነገር ግን የአሠራሩን ግማሽ ይዘነጋል፤ የፍሙ ሙቀት በዕቃው ስንጥቅ የተደበቁ ተህዋስያንን ሲገድል፣ በጢሱ ውስጥ ያሉት ፌኖል የተባሉ ውሕዶች ደግሞ የተረፉት በፍጥነት እንዳይራቡ ይገታሉ። ኢትዮጵያዊው የማይክሮባዮሎጂ ምሁር ሞገሴ አሸናፊ ይህን የቤት ልማድ የሳይንስ ጥያቄ አድርገው፣ ዕቃን ማጠን በእርጎ ላይ የሚያሳድረውን ተጽዕኖ የመረመሩበትን ጥናት እ.ኤ.አ. በ1996 አሳትመዋል።

ጥበቡ ግን የሚያገለግለው ወተት ሲኖር ብቻ ነው፤ በ1880ዎቹ ዓ.ም. መጀመሪያ በደረሰውና ክፉ ቀን በተባለው ረሃብ ወቅት ደስታ የተባለው የከብት በሽታ የአገሪቱን ከብት ሲፈጅ፣ በ1965 እና በ1966 ዓ.ም. ደግሞ ድርቅ ወሎን ሲያራቁት፣ ቅሉ የሚታጠንለት ወተት ራሱ ብርቅ ሆኖ ነበር።

ፀሐይ በሞላበት በዚህ ቆላ ብርሃን ዕቃ ከማድረቅ ያለፈ ድርሻ አለማግኘቱ ሊያስገርም ይችላል። ዳውንስና ብለንት የተባሉ እንግሊዛውያን የፀሐይ ብርሃን ባክቴሪያን እንደሚገድል ያሳዩት እ.ኤ.አ. በ1877 ሲሆን፣ ዴንማርካዊው ኒልስ ፊንሰንም የቆዳ ቲቢን በብርሃን በማከሙ በ1903 የኖቤል ሽልማት አግኝቷል። ዛሬም የጠራ ውሃ በግልጽ ፕላስቲክ ጠርሙስ ለስድስት ሰዓት ያህል ፀሐይ ላይ ቢቀመጥ በሽታ አምጪ ተህዋስያኑ በእጅጉ ይቀንሳሉ። ይሁን እንጂ ብርሃን ወተትን ዘልቆ አያልፍም፤ በክረምት ጎርፍ የደፈረሰ የአካባቢው የጎሊና ወንዝ ውሃም ቢሆን ብርሃንን ያግዳል። ስለዚህ የራያ ባለሙያዎች ፍምንና ጢስን መምረጣቸው የፀሐይን ጥቅም ካለመረዳት የመጣ አይመስልም።

የብርሃን ዘልቆ ማለፍ በሰውነት ውስጥ ያሉ ባክቴሪያዎችን በብርሃን ለመግደል የሚሞክሩ የዘመናችን ተመራማሪዎችንም የሚፈትን ጉዳይ ነው። ብርሃንን ውጠው ወደ ሙቀት የሚለውጡ ሞለኪውሎች፣ ማለትም ከአተሞች ጥምረት የተሠሩ ጥቃቅን የቁስ አካላት፣ የተቀበሉትን ኃይል መልሰው በብርሃን መልክ ከማውጣት ይልቅ በራሳቸው ንዝረት አማካይነት ለአካባቢያቸው ያስተላልፋሉ። በባክቴሪያዎች ላይ ወይም አጠገብ ተከማችተው ብርሃን ሲያርፍባቸው ሙቀቱ ከ50 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ ሊወጣ ስለሚችል፣ የተህዋስያኑ ፕሮቲኖች ቅርጻቸውን ያጣሉ፣ ሽፋናቸውም ይቀደዳል። ከ1950ዎቹ እ.ኤ.አ. ማብቂያ ጀምሮ በሕክምና የሚሠራበትና ሐኪሞች የጉበትንና የዓይንን የደም ዝውውር ለማየት የሚጠቀሙበት ኢንዶሳያኒን ግሪን የተባለ ቀለም አንዱ ምሳሌ ነው፤ የሚውጠው ብርሃን 800 ናኖሜትር አካባቢ ያለው፣ ዓይን የማያየውና ከሌሎቹ ይልቅ ሥጋን ዘልቆ የሚገባ ዓይነት ነው። ሙቀቱ ግን ባክቴሪያን ከጤናማው ሥጋ ለይቶ ስለማያውቅ መጠኑን መቆጣጠር አሁንም አስቸጋሪ ነው።

ለዚሁ ዓላማ ከሚፈተኑት ቁሶች መካከል የካርቦን ጥቃቅን ቅንጣቶች ይገኛሉ፤ በታጠነ ቅል ውስጥ የሚጋገረው ጥቁር ጥቀርሻም ካርቦን ይበዛዋል፣ ነገር ግን በተከደነ ጨለማ ውስጥ ስለሚኖር ብርሃንን የሚውጥበት አጋጣሚ የለም። ከቅሉ ይልቅ እየተለመደ የመጣው ቢጫ ጀሪካን ደግሞ ፍም ቢገባበት ይቀልጣል፣ ጠባብ አፉ ውስጡን ለማሸት አይመችም፣ ግድግዳውም እንደ ግልጽ ጠርሙስ የፀሐይን ብርሃን አያሳልፍም።